ዩቪ (አልትራቫዮሌት) መብራት ያለው የአየር ማጽጃ ልግዛ ወይ ላልሽው እህቴ

ጥያቄሽን ሳነብ የራሴን ቤት ያየሁ ነው የመሰለኝ። ልጅሽን ማታ ማታ ያስላታል። ሐኪሙ አለርጂ ነው ብሏል። አንቺ ደግሞ "ዩቪ መብራት ያለውን የአየር ማጽጃ ልግዛ ወይስ ፊልተር ብቻ ያለው ይበቃል?" ብለሻል። ብዙ ሰው "ዩቪ ያለውን ግዢ፣ ጀርም ይገድላል" ብሎ መልሶልሻል። እኔ ግን አትግዢ ነው የምልሽ። ገንዘብሽን ፊልተሩ ላይ አውጪ። እኛ ቤት የደረሰው እናንተ ቤት እንዳይደርስ ዘርዘር አድርጌ ልንገርሽ።

1. የመብራቱን የሞገድ ርዝመት፣ ማለትም የጨረሩን ዓይነት የሚለየውን በናኖሜትር የሚለካ ቁጥር፣ ሳታውቂ ሰባራ ሳንቲም እንዳትከፍዪ። በተለመደው የሜርኩሪ አምፖል ጀርም የሚገድለው ጨረር 254 ናኖሜትር ላይ ያለው ነው። ግን ያው አምፖል 185 ናኖሜትር ላይም ጨረር ያመነጫል። መስታወቱ ይህንን ሁለተኛውን ካላስቀረው ጨረሩ አየር ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይሰነጥቅና ኦዞን ይፈጠራል። ኦዞን ሳንባ የሚያስቆጣ ጋዝ ነው፤ አስም ያለበትን ልጅ ደግሞ ያብስበታል። ችግሩ ኦዞን የሚያወጣውና የማያወጣው አምፖል በዓይን አይለዩም። ሁለቱም ሰማያዊ ናቸው፣ ሁለቱም ያምራሉ።

እኛ የገዛነው ኦዞን የሚያወጣውን ነበር። ካርቶኑ ላይ አንዲት ሕፃን አልጋ ላይ ተኝታ፣ ማጽጃው ከራስጌዋ ተቀምጦ ይታያል። ሲበራ ክፍሉ ቀኑን ሙሉ ፎቶኮፒ ሲነሳበት እንደዋለ ጠባብ ቢሮ ይሸታል። ሻጩ "የንጹህ አየር ሽታ ነው፣ ትለምዱታላችሁ" አለን። ልጄን ሳሉ ባሰባት። ጠዋት ስትነሳ "ጉሮሮዬን ይከረክረኛል" ማለት ጀመረች። መጀመሪያ የነቃችው ባለቤቴ ናት። መብራት በጠፋ ሌሊት ልጅቷ ድብን ብላ እንደምትተኛ አስተዋለች። በቃ፣ ያን ጊዜ መሣሪያውን ነቀልነው።

ደንበኞች አገልግሎት ደወልኩ። የጠየቅሁት ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ የመብራቱ የሞገድ ርዝመት ስንት ነው? የኦዞን ምርመራ ውጤት አላችሁ ወይ? ስልኩን ያነሳችው ልጅ "ይጠብቁ" ብላ ሙዚቃ ለቀቀችብኝና መስመሩ ተቋረጠ። ደግሜ ስደውል ሌላ ሰው አንስቶ "ሌሎች ደንበኞች እንዲህ አይጠይቁም" አለኝ። ይኼ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። የማይጠይቁት ስለማያውቁ ነው! ልጁን የሚያስብ ሰው መጠየቁ ምኑ ነው ጥፋቱ?

ቢሯቸው ድረስ ሄድኩ። ኃላፊው ከኮምፒውተሩ ቀና ሳይል "ካርቶኑ ተከፍቷል፣ አንመልስም" አለኝ። እኔ ግን ከቤት ስወጣ የአጠቃቀም መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር አንብቤ ነበር። የመጨረሻው ገጽ ላይ፣ ዓይን በሚያጠፋ ደቃቅ ፊደል፣ "መሣሪያው ሲሠራ ሰውም ሆነ እንስሳ ክፍሉ ውስጥ አይኑር" ይላል። ካርቶኑንና መመሪያውን ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኩለት። "ሕፃኗ እዚህ ተኝታለች፣ እዚህ ደግሞ ሰው አይኑር ትላላችሁ። የትኛው ነው እውነቱ?" አልኩት። ወረፋ የሚጠብቁ ሰዎች ጠጋ ብለው ማንበብ ጀመሩ። ገንዘቤ እዚያው ተመለሰልኝ። ይቅርታ የሚባል ነገር ግን ከአፉ አልወጣም።

ስለዚህ ከመክፈልሽ በፊት መመሪያውን ከኋላ ገጽ ጀምረሽ አንብቢ። መሣሪያው "ዩኤል 2998" የሚባለው ኦዞን አልባነት ማረጋገጫ ካለው ጥሩ ነው። የካሊፎርኒያ ግዛትም ከ0.05 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር ክፍል 0.05) በላይ ኦዞን የሚያወጣ የቤት ውስጥ አየር ማጽጃ እንዳይሸጥ ከልክሏል፤ ፈተናውን ያለፉትን ሞዴሎች ዝርዝር ለማንም ክፍት አድርጎ በኢንተርኔት አውጥቷል። የትም አገር ሆነሽ ሞዴሉን ፈልጊበት። "አዮናይዘር"፣ "ፕላዝማ"፣ "አክቲቭ ኦክስጅን" የሚሉትንም በዚሁ ዓይን እያቸው። "አክቲቭ ኦክስጅን" ብዙ ጊዜ ኦዞን ማለት ነው። ደግሞ ኦዞን የሎሚ ሽታ ካለው የወለል ማጽጃ ጋር ሲገናኝ ፎርማልዲሃይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል። ቤት ባጸዳሽ ቀን ጭራሽ ባሰ ማለት ነው።

2. "ዩቪ አይሠራም ማለትህ ነው?" የሚል አይጠፋም። ይሠራል፣ ቦታው ላይ ሲሆን። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ ዊሊያም ዌልስ የሚባል ሳይንቲስት በፊላደልፊያ አካባቢ ትምህርት ቤቶች ከተማሪዎች ራስ በላይ የዩቪ መብራት አስገጥሞ የኩፍኝን መዛመት ቀንሷል። የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን በሚታከሙባቸው ክፍሎች ዛሬም ይሠራበታል። እዚያ ግን ጨረሩ የክፍሉን የላይኛውን አየር በሙሉ ያለማቋረጥ ይመታል፤ የሚገጥመውም ባለሙያ ነው። ትንሽ የቤት ማጽጃ ውስጥ አየሩ በአምፖሉ አጠገብ ሽው ብሎ ነው የሚያልፈው። ጨረር ለመግደል ብርታትም ጊዜም ይፈልጋል። አምፖሉ አቧራ ሲለብስና ሲያረጅ ደግሞ ብርታቱ ይወርዳል፤ ሰማያዊው ብርሃን ግን እንዳለ ስለሆነ አታውቂውም።

ዋናው ነገር ደግሞ የልጅሽ ችግር አለርጂ ነው። አቧራ፣ የአበባ ብናኝ፣ የድመት ፎረፎር በመብራት አይጠፋም። በፊልተር ተይዞ ከአየሩ መውጣት አለበት።

ክፍት የዩቪ አምፖል ለቤት የሚሸጡልሽን በፍጹም አትስሚ። ዓይን ያቃጥላል። ሕመሙ የሚጀምረው ከሰዓታት በኋላ ስለሆነ ከምን እንደመጣ እንኳ ግራ ይገባል። ዓይን ውስጥ አሸዋ የተበተነ ነው የሚመስለው ይላሉ የደረሰባቸው።

3. ፊልተሩ እውነተኛ ሄፓ ይሁን። "ሄፓ ዓይነት"፣ "ሄፓ መሰል" የሚለውን ተዪው። በአሜሪካው መለኪያ ሄፓ የሚባለው 0.3 ማይክሮን የሆነውን ብናኝ 99.97 በመቶ የሚይዝ ነው። ከዚያ ሲኤዲአር የሚለውን ቁጥር ፈልጊ። በሰዓት ስንት ሜትር ኪዩብ ንጹህ አየር እንደሚሰጥ የሚናገረው እሱ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። መኝታ ቤትሽ 4 ሜትር በ4 ሜትር፣ ጣሪያው 2.5 ሜትር ከሆነ 40 ሜትር ኪዩብ አየር አለው። አየሩ በሰዓት 5 ጊዜ እንዲጣራ 200 ያስፈልግሻል። ሻጮች የማይነግሩሽ ነገር አለ፤ ቁጥሩ የተለካው መሣሪያው በመጨረሻው ፍጥነት ሲጮህ ነው። በዚያ ድምፅ ልጅ አይተኛም። ስለዚህ 300 እና ከዚያ በላይ የሆነውን ግዢና በመካከለኛ ፍጥነት አሠሪው።

ሳትገዢ በፊት የመለዋወጫ ፊልተሩን አጠያይቂ። ይገኛል? ዋጋው ስንት ነው? መሣሪያውን በርካሽ ሸጠው በፊልተሩ የሚበሉሽ አሉ። ሄፓ በውኃ አይታጠብም፤ "ይታጠባል" ያለሽ ሰው ካለ ከዚያ ሱቅ ውጪ። የውጭውን ወንፊት ብቻ በየሳምንቱ በአቧራ መጥረጊያ ማሽን ሳቢው። እኔ መጀመሪያ የቀየርኩትን ፊልተር አልጣልኩትም። እጥፋቶቹ መካከል ግራጫ ነገር እንደ ጥጥ ተጋግሯል። ቤታችን የሚመጣ ሁሉ ያያል፤ ያየ ሰው ክርክር አያበዛም።

ሽታ የሚይዘው ከሰሉ ነው፣ አክቲቬትድ ካርቦን የሚሉት። ብዙዎቹ የሚያስገቡት ስስ ስፖንጅ ላይ የተረጨ ጥቁር ዱቄት ስለሆነ ቶሎ ይሞላል። ሽታ ዋና ችግርሽ ከሆነ ከሰሉን በክብደቱ አመዛዝኚ።

4. አቀማመጡ። ከሶፋ ጀርባ፣ ከመጋረጃ ሥር አትወሽቂው። አልጋው አጠገብ፣ ዙሪያው ክፍት ሆኖ። ቀንና ሌሊት ይሥራ። ማጽጃው ላይ ያለው አረንጓዴ ምልክት ስለበራ የክፍሉ አየር ሁሉ ጥሩ ነው ማለት አይደለም፤ የሚለካው አፍንጫው ሥር ያለውን ብቻ ነው። እኔ ለብቻው የፒኤም 2.5 (ከ2.5 ማይክሮን ያልበለጠ ደቃቅ ብናኝ) መለኪያ ገዛሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው የ24 ሰዓት ወሰን በሜትር ኪዩብ 15 ማይክሮግራም ነው። ዘይት ሲጠበስ ቁጥሩ ሽቅብ ይተኮሳል፤ የልጄ ክፍል ግን በሩ ተዘግቶ ማጽጃው ሲሠራ ከወሰኑ በታች ነው የሚያድረው። ይህንን በዓይኔ ሳየው የተሰማኝን ደስታ አልነግርሽም! መለኪያው ኦዞንን ግን አያይም። ሻጭ በዚህ መለኪያ ቁጥር ሲያወርድ ቢያሳይሽ የመብራቱ ጥያቄ አሁንም አልተመለሰም።

ገንዘቡ ካልደረሰልሽ ራስሽ መሥራት ትችያለሽ። ሳሎናችን ውስጥ ያለውን በእጄ ነው የሠራሁት። ሪቻርድ ኮርሲ የሚባል መሐንዲስና ጂም ሮዘንታል የሚባል የፊልተር ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2020 ያስተዋወቁት ነው። አራት መርቭ 13 ፊልተር (መርቭ የፊልተር የማጥራት ደረጃ ነው) በሳጥን ቅርጽ ታቆሚያለሽ፣ ታቹን በካርቶን ትዘጊያለሽ፣ ላዩ ላይ ባለ አራት ማዕዘን ቬንትሌተር ወደ ላይ እንዲነፋ አድርገሽ ታስቀምጫለሽ። ክፍተቱን ሁሉ በፕላስተር አሽጊ። የፊልተሩ ቀስት ወደ ውስጥ ማመልከት አለበት። መልኩ አያምርም፣ ሥራው ግን ያኮራል።

የትኛውም ማጽጃ ካርቦን ሞኖክሳይድን፣ ከሰል ሲነድ የሚወጣውን ሽታ አልባ መርዛማ ጋዝ፣ ከአየሩ አያስወግድም። ቤት ውስጥ የሚነድ ነገር ካለ ማስጠንቀቂያ ደወሉን ለብቻው ግዢ፣ መስኮትም ክፈቺ። ግድግዳው ከሻገተ መጀመሪያ እርጥበቱ የሚገባበትን ድፈኚ። አንሶላና የትራስ ልብስ በየሳምንቱ በ60 ዲግሪ ውኃ ይታጠብ፤ የአቧራ ቅንቅን በአየር ላይ ብዙ ስለማይቆይ ማጽጃው አልጋው ውስጥ ያለውን አይደርስበትም። ሐኪሙ ያዘዘላትን መድኃኒትም በራስሽ እንዳታቋርጪባት።

አሁን የክፍሉን ርዝመት፣ ወርድና የጣሪያ ከፍታ ከታች ጻፊልኝ፤ ቁጥሩን አስልቼ እነግርሻለሁ። ያየሽውን ሞዴል የመመሪያ የመጨረሻ ገጽም ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ።