ቶኪዮ ለምትገቢው እህቴ፦ ከቋንቋው በፊት አድራሻው

እህቴ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ አለሽ። ከኤፕሪል 1 ጀምሮ ቶኪዮ ውስጥ በወር 250 ሺህ የን የሚከፍል ሥራ አግኝተሽ፣ ቋንቋው ገና ስለሆነ ስጋት እንደገባሽ፣ ምን ያህል ገንዘብ መያዝ እንዳለብሽና ከጃፓኖች ጋር መሥራት ይከብድ እንደሆነ ነው የጠየቅሽው። ከኔ በፊት የመለሱልሽ ስለ ቋንቋው በደንብ ብለዋል። እዚህ ብዙ ዓመት ስኖር እንዳየሁት ግን አዲስ ሰውን ከቋንቋው በላይ የሚያንገላታው የቤትና የአድራሻ ጉዳይ ነው።

ናሪታ ወይም ሃኔዳ ስትደርሺ ኢሚግሬሽን ላይ የመኖሪያ ካርድ ይሰጥሻል፤ የአድራሻው ቦታ ግን ባዶ ነው። ቤት በገባሽ በ14 ቀን ውስጥ የወረዳው ጽሕፈት ቤት (ኩያኩሾ ይሉታል) ሄደሽ ታስሞያለሽ። ያ እስኪሞላ ባንኩ ሒሳብ አይከፍትልሽም። ሒሳብ ከሌለሽ ደመወዝሽ የሚገባበት የለም፣ ወርሃዊ የስልክ ውል ለመፈረምም ትቸገሪያለሽ። አከራዩ ደግሞ በተራው የጃፓን ስልክ ቁጥር አምጪ ይላል። ይህን ክብ ከውስጥ ሆኖ መስበር በጣም አድካሚ ነው። ስለዚህ ትኬት ከመቁረጥሽ በፊት ለድርጅቱ ጻፊና ሁለት ነገር ጠይቂ፦ የድርጅት ቤት (ሻታኩ) አላችሁ ወይ? ከሌላችሁ የቤት ውሉን በድርጅቱ ስም ትፈርሙልኛላችሁ ወይ? ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ከውጭ ሰው የሚያስመጡ ድርጅቶች የለመዱት ጥያቄ ነው።

ራስሽ የምትከራዪ ከሆነ ወጪውን እወቂው። ኪራዩ 70 ሺህ የን ነው እንበል። በመግቢያው ላይ የመጀመሪያ ወር ኪራይ፣ መያዣ (ሺኪኪን)፣ ለአከራዩ በስጦታ መልክ የሚሰጥና የማይመለስ ገንዘብ (ሬይኪን)፣ የደላላ ክፍያ፣ ዋስ ለሚሆንሽ የዋስትና ድርጅት የሚከፈል፣ የእሳት መድን፣ የቁልፍ መቀየሪያ ይጠየቃል። ሲደመር ብዙ ጊዜ የኪራዩ ከ4 እስከ 6 እጥፍ ይደርሳል። ሬይኪን የሌለባቸው ቤቶችም አሉና ፈልጊ። ዩአር የሚባለው የመንግሥት ተቋም የሚያከራያቸው ቤቶች ሬይኪንም፣ የደላላ ክፍያም፣ ዋስም አይጠይቁም። ሕንፃዎቹ አንዳንዶቹ ያረጁ ናቸው፣ የገቢ መስፈርትም አላቸው፤ ለኛ ዓይነቱ ሰው ግን ከሁሉም የተሻሉ ይመስሉኛል።

የጃፓን ቤት ባዶ ማለት በእውነት ባዶ ነው። ማታ ገብተሽ ማብሪያውን ብትጫኚ ምንም ላይበራ ይችላል፤ ጣሪያው ላይ ያለው መሰኪያ ብቻ ነውና መብራቱን ገዝተሽ የምትገጥሚው አንቺ ነሽ። ምድጃ፣ ፍሪጅና መጋረጃም የሉም። ጋዙን ደግሞ ሠራተኛ መጥቶ አንቺ ባለሽበት ነው የሚከፍተው፤ ቀጠሮውን ቀድመሽ ካልያዝሽ በኤፕሪል ብርድ በቀዝቃዛ ውሃ ትታጠቢያለሽ። ዕቃውን ከአሮጌ ዕቃ መሸጫዎች ግዢ፣ በጣም ንጹሕ ነው።

ወደ ገንዘቡ ስመጣ፣ ኤፕሪል 1 ብትጀምሪም የመጀመሪያው ደመወዝሽ ሜይ 25 ሊሆን ይችላል። ቀኑን ጠይቂ። ድርጅቱ ቤት ካዘጋጀልሽ ወደ 250 ሺህ የን፣ ካላዘጋጀልሽ ደግሞ ወደ 600 ሺህ የን ይዘሽ ብትመጪ ሳትጨነቂ እስከ መጀመሪያው ደመወዝ ትደርሻለሽ ብዬ አምናለሁ። አካባቢ ስትመርጪ ካትሱሺካ ወረዳን፣ በተለይ ዮትሱጊን እዪው። ሐበሻ በብዛት የሚኖረው እዚያ ነው፣ ከመሃል ከተማው ኪራዩ ይቀላል፣ የኬይሴይ ባቡርም ወደ ናሪታ ይወስድሻል።

ብዙዎቻችንን ግራ የሚያጋባው ስም ነው። ፓስፖርትሽ ላይ ያለው የአባትሽ ወይም የአያትሽ ስም እዚህ የቤተሰብ ስም ሆኖ ይያዛል። ክሊኒክ ተቀምጠሽ “ተስፋዬ ሳን” (“ሳን” የአክብሮት መጠሪያ ነው) ተብሎ ሲጠራ አንቺን ነውና ተነሺ። ባልና ሚስት፣ አባትና ልጅ የተለያየ ስም መያዛቸውም ጥያቄ ያስነሳል። ልጅ ይዘሽ የምትመጪ ከሆነ የጋብቻና የልደት ማስረጃውን አስተርጉመሽ ያዢ። ስምሽን በካታካና (የውጭ ስሞች በሚጻፉበት የጃፓን ፊደል) እንዴት እንደምትጽፊ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ወስኚ፤ ባንኩ፣ ጡረታውና ሆስፒታሉ አንድ ዓይነት አጻጻፍ ካልያዙ ማስተካከሉ ጊዜ ይበላል።

ከጎረቤት ጋር የሚያጣላው ቆሻሻ ነው። ወረዳው የሚሰጥሽን የቆሻሻ ቀን መቁጠሪያ ፍሪጅሽ ላይ ለጥፊው። የሚቃጠለው ብዙ ቦታ በሳምንት 2 ቀን ነው፣ ማለዳ ይወጣል፣ ቁራ እንዳይበትነው መረብ ይደረግበታል። ሃይላንዱን ክዳኑንና የተለጠፈበትን ልጣጭ አውልቀሽ፣ አለቅልቀሽ፣ ጨፍልቀሽ ለብቻው። ፍራሽና ጠረጴዛ ለመጣል ቀጠሮ ይያዛል፣ ከኮንቢኒ (በየመንገዱ 24 ሰዓት ከሚከፈተው ሱቅ) የሚገዛ ተለጣፊ ትኬት ይለጠፍበታል። ቡና ስትቆዪም ምድጃው ላይ ያለውን ጭስ መሳቢያ ከፍተሽ ይሁን። በረንዳ ላይ እንዳትሞክሪው፤ የጎረቤት ልብስ የሚሰጣው እዚያው አጠገብ ነው። ከሰል ቤት ውስጥ በፍጹም አታቀጣጥዪ።

ሥራው ይከብዳል ወይ ላልሽው፣ ሰዎቹ ትዕግሥተኞች ናቸው። ልዩነቱ ይህ ነው፦ እኛ ዘንድ ችግርን ራስ ፈትቶ ውጤቱን ይዞ መቅረብ ጉብዝና ነው፤ እዚህ ግን አለቃሽ ገና ከጅምሩ መስማት ይፈልጋል። መሃል ላይ የደረስሽበትን በአጭሩ ንገሪያቸው፣ ደጋግመሽ ብትነግሪያቸውም አይሰለቹም። 5 ደቂቃ የምትዘገዪ ከሆነም ሰዓቱ ሳያልፍ አሳውቂ፤ ባቡሩ ከዘገየ ጣቢያው የመዘግየት ማረጋገጫ ወረቀት ይሰጥሻል። ትርፍ ሰዓት በሕግ በመርህ ደረጃ በወር 45 ሰዓት ገደብ አለው። ከ6 ወር በኋላ የ10 ቀን የተከፈለ ዕረፍት መብትሽ ነውና ለገናና ለፋሲካ አስቀምጪለት፣ ያለ ሐፍረት ጠይቂው።

የምትጾሚ ከሆነ ተጠንቀቂ፤ የአትክልት ሾርባ የሚመስለው ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ የዓሣ መረቅ አለበት። ለምሳ ከኮንቢኒ ኮምጣጣ ፕለም (ኡሜ) ያለበት ኦኒጊሪ (የተድበለበለ ሩዝ) ከሌሎቹ ይሻላል፣ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ግን በስልክሽ አስተርጉመሽ እዪ።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ከ250 ሺህ ላይ የጤና መድን፣ ጡረታና የገቢ ግብር ተቀንሶ እጅሽ የሚገባው ከ200 ሺህ ትንሽ ከፍ ይላል። የነዋሪነት ግብር (ጁሚንዘይ) ግን የሚሰላው ባለፈው ዓመት ገቢ ላይ ስለሆነ በመጀመሪያው ዓመት አይመጣብሽም፤ በሁለተኛው ዓመት ጁን ላይ ይጀምራል። ወደ አገር ቤት በየወሩ የምትልኪውን ስትወስኚ ይህን አስቢበት፤ ቤተሰብ አንዴ ከለመደው መቀነሱ ከባድ ነው። ጡረታውን በተመለከተ ከ10 ዓመት በታች ሠርተሽ ጃፓንን ለቀሽ ከሄድሽ ከፊሉን በ2 ዓመት ውስጥ አመልክተሽ ማስመለስ ትችያለሽ። የጡረታ ቁጥርሽን አትጣዪ።

ድርጅቱ ስለ ቤቱ የሚመልስልሽን እዚሁ ጻፊልን። ውሉን ከመፈረምሽ በፊት አብረን እናየዋለን።