ሴቷን ከማናገራችሁ በፊት

ውድ ልጆቼ፣

እንዳነብላችሁ በምታመጡልኝ የፊልም ጽሑፎች ውስጥ የተበደለችው ሴት መጨረሻ ላይ ባሏ ፊት ቆማ ብሶቷን በረጅሙ ትናገራለች። የምትለው እውነት ነው። ተመልካቹ ግን በደሉን በጆሮው ሰማ እንጂ በዓይኑ አላየውም። የሕንድ ፊልሞችን አጥኑ እላችኋለሁ፤ የእኔ ዕድሜ ሰዎች ሲኒማ ቤት ገብተን ያለቀስንባቸውን ዘፈን የበዛባቸውን ሳይሆን ጸጥ ያሉትን።

የዳይሬክተር ጆ ቤቢን «ዘ ግሬት ኢንዲያን ኪችን» (እ.ኤ.አ. 2021) ፈልጋችሁ እዩ። በሕንዷ ኬረላ ግዛት አዲስ ያገባች፣ ዳንስ የምትወድ ወጣት ናት፤ ስሟ እንኳ አይነገረንም። የባሏ አባት አይጮኹም፣ አይማቱም። ሩዙ በእንጨት እሳት ቢበስል፣ ልብሳቸው በማሽን ሳይሆን በእጅ ቢታጠብ እንደሚመርጡ በለሆሳስ ይናገራሉ፤ በቃ። የጥርስ ብሩሻቸውን የምታቀብላቸው ሚስታቸው ናት። ካሜራው መክተፉን፣ መፍጨቱን፣ መጥረጉን እስኪሰለቸን ይደጋግመዋል፤ የእኛ መሰልቸት የእሷን ኑሮ ያስረዳናል። የዕቃ ማጠቢያው ቧንቧ ያፈሳል። ሠራተኛ ጥራልኝ ትለዋለች፣ ባሏ ይረሳል፤ ደግማ ትለዋለች፣ አሁንም ይረሳል። ያን ቆሻሻ ውሃ በመጨረሻ አባትና ልጅ ላይ ስትደፋው ማብራሪያ የሚጠይቅ ተመልካች አይኖርም። ዳይሬክተሩ ግን ድል አድርጎ አልዘጋውም፤ ሰውየው ሌላ ሴት ያገባል፣ እሷም እዚያው ማድቤት ትገባለች። ይህን ድፍረት እወድለታለሁ።

«ታፓድ» (2020) ባል ሚስቱን በመታት በአንዲት ጥፊ ላይ የቆመ ፊልም ነው፤ «አንድ ጥፊ እኮ ነው» የሚሉትን ዘመዶች በደንብ አድምጡ።

ከሁሉ አብልጬ የምወደው ግን የሳትያጂት ራይን «ማሃናጋር» (1963) ነው። የካልካታዋ አራቲ የባሏ ደመወዝ ስላልበቃ በእሱ ድጋፍ ሥራ ትይዛለች፣ ቤት ለቤት እየዞረች የሹራብ መሥሪያ ማሽን ትሸጣለች። ሲሳካላት ባሏ ተዪው ይላል፤ የሚሠራበት ባንክ ሲዘጋ ደግሞ እንዳትለቂ ይላታል። የቤቱ እንጀራ በእሷ እጅ ሲወድቅ የሥራ ባልደረባዋ ኢዲት ያለ አግባብ ትባረራለች። አራቲ ይቅርታ እንዲጠየቅላት ትከራከራለች፣ እንቢ ሲባል ሥራዋን ትለቃለች። ለቤተሰቧ ብላ የወጣች ሴት የራሷን ሚዛን ያገኘችው እዚህ ላይ ነው፤ ለሌላ ሴት ስትቆም።

እንግዲህ ጽሑፋችሁን አውጡና ያን ረጅም ንግግር ሰርዙት። በምትኩ ከማለዳ እስከ ማታ እጇ የሚሠራውን ጻፉ፤ ቤቱ ውስጥ ተበላሽቶ ማንም የማይጠግነውን ነገርም ፈልጉ። ስትጨርሱ አምጡልኝ።