ካርታ የሌለው ሜዳ
(ለሰፈር ስፖርት ልጆች የተጻፈ ደብዳቤ)

ይድረስ በየሰፈሩ ሜዳ ለምትሮጡ፣ ኳስ ለምትጫወቱና ታናናሾቻችሁን ለምታሠለጥኑ ልጆቼ፤

እንደምን ከርማችኋል? እኔ ደረጃ ስወጣ ከሚያስቸግረኝ ከግራ ጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። በወጣትነቴ ሯጭ ነበርኩ፤ የአንድ ክለብ ማልያ ለጥቂት ዓመታት ከመልበስ ግን አላለፍኩም። ከዚያ በኋላ 34 ዓመት በስፖርት መምህርነት፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ ደግሞ የሰፈር ልጆችን በማሠልጠን ቆይቼ ጡረታ ወጣሁ። አሁን ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ጋቢዬን ደርቤ መስቀል አደባባይ ላይኛው ደረጃ ላይ እቀመጥና ከጫፍ እስከ ጫፍ እየተመላለሱ የሚሮጡትን አያለሁ። አደባባዩ በ2013 ዓ.ም. ታድሶ ከሥሩ የመኪና ማቆሚያ ቢሠራበትም ሯጮቹ ደረጃቸውን አልለቀቁም።

ልምምዳቸውን ጨርሰው ሰውነታቸውን ሲያፍታቱ ጠጋ እልና ሁለት ነገር እጠይቃቸዋለሁ። አንደኛው «ማን አስጀመረህ?» የሚል ነው፤ ሁለተኛው «ለመተው የደረስከው መቼ ነበር?» የሚል። ይህን ጥያቄ ገና ክለብ ላልገባ ልጅም፣ በውጭ አገር ጎዳናዎች ሮጦ ቤት ለሠራም ሰው አቅርቤዋለሁ። ለመጀመሪያው የማገኘው መልስ የሰው ስም ነው፤ የስፖርት መምህር፣ ታላቅ ወንድም፣ የሰፈር አሠልጣኝ። የመሥሪያ ቤት ስም የጠራልኝ እምብዛም የለም። ለሁለተኛው ደግሞ «አሠልጣኛችን ሥራ ቀይሮ ሲሄድ»፣ «ሜዳችን በቆርቆሮ ሲታጠር»፣ «ቤት ውስጥ ሥራ ሲበዛብኝ» ይሉኛል። ሁለቱን መልሶች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው የሰፈር ስፖርት ጥንካሬና ድካም ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ሆነው አገኛቸዋለሁ፤ ሁሉም ነገር የቆመው በአንድ ሰው ፍቅር ላይ ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁም ስለዚሁ ነው።

ፍቅሩን ማንኳሰስ አልፈልግም። የሰፈር ስፖርት ያለው ሀብት የትኛውም ክለብ በበጀት የማይገዛው ነው። አትሌቶቹ ሲያወሩ ዓይናቸው የሚበራው ስለ ዋንጫ ሲናገሩ ሳይሆን በሶ በጥብጣ ትጠብቃቸው ስለነበረች ጎረቤት፣ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ሲተላለፍ ስለኖረ አንድ ጥንድ ጫማ፣ በገመድ ለክቶ የሩጫ መም ስለሠራላቸው መምህር ሲናገሩ ነው። በበቆጂ አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ሆነው ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ገና በልጅነታቸው አሠልጥነዋል። ደራርቱ በ1984 ዓ.ም. ክረምት በባርሴሎና 10 ሺህ ሜትር አሸንፋ ከአፍሪካ ጥቁር ሴቶች የመጀመሪያዋ የኦሊምፒክ የወርቅ ሜዳልያ ባለቤት ስትሆን፣ መነሻው የአንድ ትንሽ ከተማ ሜዳና የአንድ መምህር ትጋት ነበር። እንዲህ ያለ ሰው በየሰፈራችሁ አለ፤ ስሙን የምታውቁት እናንተ ብቻ ናችሁ።

ይሁን እንጂ ታሪካችንን ስንተርክ ግማሹን እንተዋለን። አበበ ቢቂላ በጳጉሜን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማሸነፉን ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። ባዶ እግሩን ስናነሣ ግን ወታደርነቱን እንረሳለን። አበበ የክብር ዘበኛ ባልደረባ ነበር፤ ደመወዝ ነበረው፤ ኦኒ ኒስካነን የተባለ ስዊድናዊ አሠልጣኝም ነበረው። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ የዓለምን ፈጣን ሰዓት አስመዝግቦ ሲደግመው ጫማ አድርጎ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው የክለብ ሥርዓታችን፣ የመከላከያው፣ የፖሊሱ፣ የማረሚያ ቤቱ፣ የንግድ ባንኩ ሁሉ፣ በዚሁ መንገድ የተሠራ ነው፤ አትሌቱን ቀጥሮ ደመወዝ እየከፈለ ያስሮጠዋል። ሥርዓቱ ጥሩ ነው። ክፍተቱ ያለው ልጁ ክለብ ከመግባቱ በፊት ባሉት ሦስትና አራት ዓመታት ውስጥ ነው። በእነዚያ ዓመታት የታክሲውን፣ የምሳውን፣ የጫማውን ወጪ የሚሸከመው ወይ ቤተሰቡ ነው፣ ወይ ያ በፍቅር የሚሠራ አሠልጣኝ ነው። ክለቡ የሚያየው ከደረሰ በኋላ ነው።

ስለራሴ አንድ ነገር ልንገራችሁ። አንድ ዓመት ክረምት ላይ በታይፎይድ ታምሜ ሁለት ወር ያህል ተኛሁ። ተሽሎኝ ሜዳ ስወርድ ከሠላሳ ከሚበልጡ ልጆች ሰባቱን ብቻ አገኘሁ። «ያለ እርስዎ አልሆን አለን፣ ጋሼ» ሲሉኝ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ አለኝ፤ ለባለቤቴም በኩራት ነገርኳት። እሷም «እና አንተ ብትሞትስ?» አለችኝ። ያን ጊዜ ተቀይሜ ዝም አልኩ። ዛሬ ሳስበው ጥፋቱ የእኔ ነበር። የልምምድ ፕሮግራሙ በጭንቅላቴ፣ የሜዳው ቁልፍ በኪሴ፣ የልጆቹ ወላጆች ስልክ በእኔ ደብተር ብቻ ነበር። ከተበተኑት ልጆች መካከል አንዱ በ800 ሜትር ትልቅ ተስፋ የነበረው ልጅ ነበር፤ ወደ ሜዳ አልተመለሰም። አሁን የታክሲ ሾፌር ነው፤ ሲያየኝ መኪናውን አቁሞ ሰላም ይለኛል፣ እኔ ግን ቀና ብዬ ለማየት ይከብደኛል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ልመናዬ ይህ ነው፤ ዛሬ የምትሠለጥኑ ልጆች በ16 እና በ17 ዓመታችሁ ማሠልጠንን ጀምሩ። ዋና አሠልጣኝ ሁኑ ማለቴ አይደለም። ከ12 ዓመት በታች ያሉትን የማሟሟቅ፣ ሰዓት የመያዝ፣ ስም የመጥራት ሥራ ውሰዱ። አሠልጣኛችሁ «እኔ ልሥራው» ቢል እንኳ እሺ አትበሉት፤ እንደ እኔ ያለው ሰው ሥራውን መልቀቅ አይወድምና።

ሁለተኛው መዝገብ ነው። ይህን ስጽፍ ፊታችሁ ሲጨፈግግ ይታየኛል፤ ስፖርት የሚወድ ሰው ወረቀት አይወድም። ነገር ግን የሰፈር ስፖርት ያፈራውን ልጅ የሚያጣው በወረቀት ማነስ ነው። የዕድሜን ነገር ውሰዱ። በታዳጊዎች ውድድር ዕድሜ የሚሰላው በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ውድድሩ በሚደረግበት ዓመት ዲሴምበር 31 ቀን ላይ ተቁሞ ነው። ብዙ ሰው የኢትዮጵያን ዓመት ወደ ፈረንጅ ሲቀይር ዝም ብሎ 8 ይደምራል። ከመስከረም ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ ለተወለደ ልጅ የሚደመረው ግን 7 ነው። ጥቅምት 2000 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ የ2007 ልጅ ሲሆን 8 የደመረ ጸሐፊ 2008 ብሎ ይጽፈዋል፤ ልጁም አንድ ዓመት ታናሽ ሆኖ ይመዘገባል፤ ስሕተቱ በፓስፖርቱ ላይ ሲገኝ ደግሞ ያላጭበረበረ ልጅ አጭበርባሪ ይባላል። ሆን ብለው ዕድሜ የሚቀንሱም አሉ፤ እነሱን አውቃቸዋለሁ፣ እናንተም ታውቋቸዋላችሁ። የ20 ዓመት ጎልማሳ ከ16 ዓመት ልጅ ጋር ሮጦ ሲያሸንፍ የሚሸነፈው ያ ልጅ ብቻ አይደለም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሜዳ የማይመጡት ጓደኞቹም ናቸው። ልጅ ገና ሲመጣ የልደት ወይም የክርስትና ወረቀቱን አይታችሁ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ።

ኳስ ለምትጫወቱት ደግሞ ሌላ ምክንያት አለኝ። በፊፋ ደንብ መሠረት አንድ ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ በክፍያ ወደ ሌላ አገር ክለብ ሲዛወር፣ ከዝውውር ገንዘቡ 5 በመቶው ተጫዋቹን ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ባሠለጠኑት ክለቦች መካከል ይከፋፈላል። የሚከፋፈለው ግን በፌዴሬሽን ለተመዘገቡና ተጫዋቹ በእነሱ ዘንድ መቆየቱ በሰነድ ለተረጋገጠላቸው ነው። ያልተመዘገበ የሰፈር ቡድን የዓለምን ኮከብ ቢያፈራም ሳንቲም አያገኝም። በአትሌቲክስ እንዲህ ያለ ደንብ እንኳ የለም፤ ለሰፈሩ አሠልጣኝ የሚተርፈው ልጁ በቴሌቪዥን ስሙን ከጠራለት ያ ብቻ ነው። እኔ አንድ ጊዜ ተጠርቻለሁ፤ በስሕተት የአባቴን ስም ቀይሮ ቢጠራውም ጎረቤቶቼ አውቀውልኛል።

ሦስተኛውና ከሁሉም የከበደው ሜዳው ነው። የሰፈር ሜዳ ብዙ ጊዜ ካርታ የለውም፤ ሁሉም የእኛ ነው ይላል፣ በማንም ስም ግን አልተመዘገበም። እኔ ለ11 ዓመት ያሠለጠንኩበት ሜዳ አንድ ሰኞ ጠዋት በቆርቆሮ ታጥሮ አገኘሁት። ማመልከቻ ይዤ ሄጄ «ይዞታችሁን የሚያረጋግጥ ምን አላችሁ?» ስባል የማሳየው አንድ ፎቶግራፍ ብቻ ነበር። ሰዎቹን አልወቅስም፤ ሥራቸው ነው። 11 ዓመት ሙሉ አንድ ደብዳቤ ለወረዳው አለመጻፌን ግን እስከ ዛሬ እወቅሳለሁ። የታወቀው ሜዳ እንኳ አይተርፍም። ጃንሜዳ፣ የአገር አቋራጭ ውድድሮችና የጥምቀት ሜዳ፣ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የአትክልት ተራ ገበያ ገብቶበት ነበር፤ ለ2013 ዓ.ም. ጥምቀት ገበያው ሲነሣ ሜዳው በጭቃና በብስባሽ ተበላሽቶ ነበር። ለችግር ጊዜ የተደረገ ስለሆነ አልቃወመውም፤ በሩጫ ያደገ ሰው ግን ያን መሬት ሲያይ ምን እንደሚሰማው ታውቃላችሁ።

ሰው ሁሉ ስለ ትልቁ ስታዲየም ይከራከራል። ጥር 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣን ሰዎች፣ ባለፉት ዓመታት ብሔራዊ ቡድናችን በሜዳው ማድረግ የነበረበትን ጨዋታ በሰው አገር ሲያደርግ ስናይ ብናዝን አይፈረድብንም። ቢሆንም ብሔራዊ ቡድኑ ሰው አገር ሄዶም ቢሆን ይጫወታል፤ የአራት ኪሎና የካዛንችስ የ10 ዓመት ልጅ ግን ሌላ ቦታ የለውም። በቅርቡ በኮሪደር ልማቱ የተሠሩት የእግረኛና የብስክሌት መንገዶች፣ በየቦታው የተዘረጉት ትንንሽ መጫወቻዎች ጥሩ ናቸው፤ በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» የተባለው ከመኪና ነፃ ቀንም ከተማው መሮጥ እንደሚወድ አሳይቷል። በሰፈራችሁ እንዲህ ያለ ቦታ ሲከፈት የመጀመሪያ ተጠቃሚ ሁኑና የሰዓት ድልድል ጠይቁ፤ በጽሑፍ ጠይቁ፣ ቅጂውንም አስቀሩ።

የሰዓት ድልድል ስል ዋናው ጉዳዬ ልጃገረዶቹ ናቸው። ብዙ ሴት አትሌቶች የነገሩኝ አንድ ዓይነት ነው፤ ከትምህርት ቤት መልስ ውኃ መቅዳትና እራት መሥራት ይጠብቃቸዋል፣ ያን ጨርሰው ሲወጡ ሜዳውን ወንዶቹ ይዘውታል፣ ሜዳው ሲለቀቅ ጨልሟል። ስለ መጸዳጃና ልብስ መቀየሪያ የሚጠይቅ የለም። እኔ ለብዙ ዓመት «ሴቶች አይመጡም» እያልኩ ስማረር ኖሬ፣ አንዲት እናት ልምምዱን ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ወደ ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ብቀይረው ልጇን እንደምትልክ ስትነግረኝ ነው የነቃሁት። በአንድ ወር ውስጥ 14 ሴቶች መጡ። ወንዶች ልጆቼ፣ ያን ሰዓት ስትለቁ አታጉረምርሙ።

ስለ መድኃኒት ባጭሩ፤ አበረታች ቅመም በሰውነቱ የተገኘበት አትሌት «አላወቅኩም» ብሎ አይድንም፤ ለገባበት ነገር ኃላፊው ራሱ ነው። ጓደኛችሁ የሚሰጣችሁን ክኒን አትዋጡ፤ ሐኪም ቤት ስትሄዱም አትሌት መሆናችሁን አስቀድማችሁ ተናገሩ።

ውጤት ያመጡ አትሌቶች ለሰፈራቸው ምን እንደሚያደርጉ ስጠይቃቸው «ጫማና ማልያ ሰጥቻለሁ» ይሉኛል። እግዚአብሔር ይስጣቸው። ጫማው በስድስት ወር ያልቃል። ኃይሌ ገብረሥላሴ በ1994 ዓ.ም. ሲያስጀምረው 10 ሺህ ሰው የተሳተፈበት ታላቁ ሩጫ እስከ ዛሬ በየዓመቱ የሚቀጥለው፣ ስሙ ብቻ ሳይሆን ቋሚ ጽሕፈት ቤትና ሠራተኛ ስላለው ይመስለኛል። ከእናንተ መካከል የሚያልፍለት ቢኖር፣ ለሰፈሩ አሠልጣኝ የወር አበል ይቁረጥ፤ ትንሽም ትሁን፣ በየወሩ ትድረስ።

የእኔ ደብተሮች አሁን ቤቴ የሉም። ከአሥራ አራቱ ሴቶች መካከል አንዷ ዛሬ መምህርት ሆና የሰፈሩን ታዳጊዎች ታሠለጥናለች፤ ሁሉንም ወስዳ በኮምፒውተር እየገለበጠቻቸው ነው። ባለፈው እሑድ ደውላ «ጋሼ፣ የሁለት ልጆች የልደት ዓመት ላይ 8 ደምረዋል» አለችኝ። የልጆቹን ስም ጠይቄያት ወላጆቻቸውን ፍለጋ ነገ ወደ ስድስት ኪሎ እወጣለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የቀድሞ የስፖርት መምህራችሁ