ቁመቱ ያልተለካው ልጅ

ባለፈው ሳምንት አንዲት አዲስ የተመደበች ነርስ ሻይ ስንጠጣ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። «ሲስተር፣ ልጇ ከልክ በላይ ለወፈረባት እናት እንዴት ነው የሚነገራት? በልጄ ላይ ዓይንሽን ጣልሽ እንዳትለኝ እፈራለሁ» አለችኝ። መልሱ ጠፍቶኝ አልነበረም። ግን አፌ አልታዘዝ አለኝ። ልጅቷ ያስቀየመችኝ መስሏት ወሬ ቀየረች። አላስቀየመችኝም፤ የማልረሳውን ልጅ ነው ያስታወሰችኝ። ስለዚህ ለእሷም፣ ለጤና ሥራ አዲስ ለሆናችሁም፣ ገና ልጅ መውለድ ለጀመራችሁም ልጻፈው።

2002 ዓ.ም. ነው። የምሠራው በአዲስ አበባ ምሥራቅ ጫፍ፣ ከአያት ወዲያ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ነበር። ሰፈሩ ያኔ ግማሹ የጤፍ ማሳ፣ ግማሹ ግንባታ ነው። የክትባት ቀን ስለነበር ኮሪደሩ በእናቶች ተጨናንቋል። አንዲት ወጣት እናት ታናሹን አዝላ፣ የ4 ዓመት ልጇን በእጇ ይዛ ገባች። ያዘለችው ልጅ ከተከተበ በኋላ ትልቁን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። ጉንጩ ሙሉ ነው፤ አንጓው ላይ ክር የታሰረበት የሚመስል እጥፋት አለው። «ይሄኛው ሲሮጥ ቶሎ ያለከልካል። ማታ ደግሞ እንደ ትልቅ ሰው ያንኮራፋል። እስቲ እይልኝ» አለችኝ።

ሚዛን ላይ አወጣሁት። ከዚያ የክንድ መለኪያውን ሪባን አጠለቅኩለት። ሪባኑን ታውቁታላችሁ፤ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ቀይ፣ እስከ 12.5 ቢጫ፣ ከዚያ በላይ አረንጓዴ ነው። የተሠራው የተራበ ልጅ ለመለየት ነው። ከአረንጓዴው ወዲያ ሌላ ቀለም የለውም። የልጁ ክንድ አረንጓዴው ውስጥ ርቆ ገባ። እኔም ሳቅሁ። «አንቺ ደግሞ! እንዲህ ያለ ልጅ ሰጥቶሽ ታማርሪያለሽ? ተመስገን በይ እንጂ!» አልኳት። የተሰለፉት እናቶች ሁሉ ሳቁ። እሷም አብራ ለመሳቅ ሞከረች። ከዚያ ነጠላዋን ወደ አፏ ስባ ወጣች።

ልትወጣ ስትል ልጁ የያዘውን ጡጦ አየሁት። ውስጡ ብርቱካናማ ለስላሳ ነው። አረፋው ጡጦው አንገት ላይ ተሰብስቧል። አየሁት፤ ምንም አላልኩም።

ለምን ዝም አልኩ? በ1977 ዓ.ም. ደሴ ተማሪ ነበርኩ። አጥንታቸው የሚቆጠር ልጆች በደጃችን ሲያልፉ አይቻለሁ። አባቴ ማታ ማታ ከመሶቡ እንጀራ ቆርሶ በር ላይ ለሚቆም ሰው ያስቀር ነበር። እናቴ ከዚያ ዓመት በኋላ ወፍራም ሕፃን ባየች ቁጥር እጇን ወደ ሰማይ ትዘረጋለች። የእኔም ዓይን የተገራው እዚያ ነው። የሠለጠንነውም መቀንጨርንና መመንመንን እንድንይዝ ነበር። ልክም ነበር። በ1992 ዓ.ም. ከ5 ዓመት በታች ካሉ ልጆቻችን 58 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ፤ በ2011 ዓ.ም. እንኳን 37 በመቶ ነበሩ። ክብደታቸው ከልክ ያለፈው ግን ያኔ 2 በመቶ ገደማ ነበሩ። ይህን ያየ ሰው ስለ ልጅ ውፍረት ማውራት ቅንጦት ይመስለዋል። እኔም ይመስለኝ ነበር።

ልጁን እንደገና ያየሁት 13 ዓመት ሲሞላው ነው። ውሃ አልጠግብ ብሏል፣ ሌሊት ደጋግሞ ይሸናል። የአንገቱ ዙሪያ ጠቁሯል። እናቱ እድፍ መስሏት በሳሙና ስታሸው ከርማለች። ጣቱን ወግቼ የደሙን ስኳር ስለካው ከ300 በላይ ሆነ፤ እጅግ ከፍተኛ ነው። ሆስፒታል ላክነው፤ ዓይነት 2 የስኳር በሽታ ተባለ። እኔ ስማር ይህ የትልልቅ ሰዎች በሽታ ነበር። ትምህርት ቤት «ቦምቦሊኖ» እያሉት ኳስ መጫወት ካቆመ ቆይቷል።

እናቱ ከቦርሳዋ የድሮ ካርዱን አወጣች። በፌስታል ጠቅልላ ነው ያስቀመጠችው። የእጅ ጽሑፌን ወዲያው አወቅሁት። ክብደቱ ተጽፏል። ቁመቱ የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው። ቁመት ከሌለ ክብደት ብቻውን ምን ይነግረናል? መለኪያ ሰሌዳው ከበሩ ጀርባ ቆሞ ነበር። ሰልፉ ረዝሞብኝ ነው ያላወጣሁት።

ስለ ጡት ማጥባትና ስለ አትክልት አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ። እናት «ያለከልካል» ስትላችሁ ግን አትሳቁ። «ልጅሽ ወፍሯል» ብላችሁም አትጀምሩ። ጡጦውና ምሳ ዕቃው ውስጥ ምን እንዳለ ጠይቁ። እኔ አሁን እናቶች ፊት ባዶ ብርጭቆ አስቀምጬ ስኳር በሻይ ማንኪያ እየቆጠርኩ እጨምራለሁ። በ300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ውስጥ ወደ 8 ማንኪያ የሚሆን ስኳር አለ። ስድስተኛው ላይ ስደርስ «በቃ፣ በቃ» ይሉኛል። እናትን አትውቀሱ፤ የምትወደውን ልጅ ደስ ልታሰኝ ነው።

ይህን ብዬ ደግሞ የዛሬ ወጣት ወላጆች ታናድዱኛላችሁ። ልጁ ሲያለቅስ ስልክ፣ ሲያኮርፍ ቺፕስ። እኛ ኪሳችን ቆሎ ይዘን ትምህርት ቤት በእግራችን ነበር የምንሄደው። ግን ሁሉን በእናንተ ላይ መጣልም ይከብደኛል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ በቀን 60 ደቂቃ ይንቀሳቀስ ይላል። አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ልጅ የት ሄዶ ይሩጥ? ጤና ጣቢያችን አጠገብ የነበረው ሜዳ ዛሬ መኪና ማቆሚያ ሆኗል። በ2011 ዓ.ም. በወር አንድ ቀን መንገድ ለመኪና የሚዘጋበት «መንገድ ለሰው» ሲጀመር ልጆች አስፋልት ላይ ብስክሌት ሲነዱ አይቼ ዓይኔ እንባ አቅርሯል። ግን ልጅ በየቀኑ መሮጥ አለበት።

በዓለም ደረጃ ከ5 እስከ 19 ዓመት ካሉት መካከል ክብደታቸው ከልክ ያለፈው እ.ኤ.አ. በ1990 8 በመቶ ነበሩ፤ በ2022 20 በመቶ ደርሰዋል። ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ጣፋጭ መጠጥ ላይ ታክስ ጥላለች። ቺሊ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ስኳር የበዛበት እሽግ ምግብ ላይ ጥቁር ምልክት እንዲደረግ አድርጋለች፤ ትምህርት ቤት ውስጥ እንዳይሸጥም ከልክላለች። እነሱ የጀመሩት ችግሩ ከገነገነ በኋላ ነው። እኛ ቁጥሩ ገና ትንሽ ነው። የእኛ ሰፈር ትምህርት ቤት በር ላይ ያለው ሱቅ ግን ከጠዋት ጀምሮ ለስላሳና ከረሜላ ይሸጣል። የወላጅ ኮሚቴ ውስጥ ያላችሁ ከዚያ ጀምሩ።

ልጁ አሁን 20 ዓመቱ ነው። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ይወስዳል፤ ጠዋት ጠዋት ይራመዳል። እናቱ ለደም ግፊቷ መድኃኒት በየወሩ እኛ ጋ ትመጣለች። አንድም ቀን ወቅሳኝ አታውቅም። እኔም ይቅርታ ጠይቄያት አላውቅም። ቀጠሮዋ ማክሰኞ ነው።