አውሮፕላንሽን ይዘሽ እርሻው ግቢ

ከቂጦ ፉርዲሳ ግቢ የጻፍሽልኝን ደብዳቤ ደጋግሜ አነበብኩት። ለሌሎች አንባቢዎች ነገሩን ባጭሩ ላስቀምጠው። ጠያቂያችን በጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የኤሌክትሪካል ምህንድስና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ለመመረቂያ ፕሮጀክት ትንሽ የፎም አውሮፕላን እየሠሩ ነው። አውሮፕላኗ አርዱፓይለት በሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ራሷን ታበራለች፤ የበቆሎ ማሳና ከብት ከላይ ፎቶ ታነሳለች። ኦሞ ናዳ ያሉት አባቷ ባንክ ቤት እንድትቀጠር ይፈልጋሉ። ጅዳ ያሉት አክስቷ "ገንዘብ ልላክልሽ፣ የተሻለ ካሜራ ግዥ፣ ስትመረቂም ድርጅት ክፈቺ" ብለዋታል። በዞኑ ያለ አንድ ሰፊ የግል እርሻ ደግሞ የፓምፕና የጄኔሬተር ቴክኒሺያን አድርጎ በኮንትራት ሊቀጥራት ፈቃደኛ ነው። ቤተሰቡ ይህን የመጨረሻውን "አምስት ዓመት ተምራ ዘይት ልትቀይር ነው?" ብሎ ንቆታል።

እህቴ፣ እኔ የምመርጥልሽ እርሻውን ነው።

ከአክስትሽ ገንዘብ ልጀምር። ሰው አገር ተለፍቶ የተገኘ ገንዘብ ገና ከፋይ ባልተገኘለት ሥራ ላይ መፍሰስ የለበትም። እሳቸው ከልባቸው ነው ያሉሽ፤ አንቺ ግን አትቀበዪ። ፎቶው ስለደበዘዘ ካሜራው መቀየር አለበት ብለሻል። የላክሽልኝን ቁጥሮች አስልቼአቸዋለሁ። አውሮፕላኗ በሴኮንድ 14 ሜትር እየበረረች ሸተሩ (ብርሃን ወደ ካሜራው የሚያስገባው መዝጊያ) በ1/100 ሴኮንድ ከተተወ፣ ሸተሩ ተከፍቶ እስኪዘጋ 14 ሳንቲ ሜትር ትጓዛለች። በ100 ሜትር ከፍታ ካሜራችሁ መሬት ላይ በአንድ ፒክስል፣ ማለትም ፎቶው በተሠራባት አንዲት ትንሽ ካሬ፣ የሚሸፍነው 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ነጥብ አራት አምስት ፒክስል ላይ ተጎትቶ ይወጣል። እጥፍ ዋጋ ያለው ካሜራ ብትገዢም በዚሁ ሸተር ፎቶው ያው ደብዛዛ ነው። ወደ 1/1000 ቀይሩት፣ መጎተቱ ወደ 1.4 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። በክረምት ደመና ብርሃን ስለሚያንስ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜታዊነት) ከፍ ታደርጋላችሁ፤ ፎቶው ትንሽ ይሻክራል፣ ግን ቅጠሉ ከአፈሩ ይለያል። ከእጅ ስትለቀቅ ቶሎ የምትወድቀውም በብልሽት ላይሆን ይችላል። ጅማ ወደ 1,780 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠለሉ በ15 በመቶ ገደማ ስለሚሳሳ ለመንሳፈፍ 9 በመቶ ያህል ተጨማሪ ፍጥነት ትፈልጋለች። ሁለቱንም ያለ አንድ ብር ወጪ ልትሞክሩት ትችላላችሁ።

ካሜራው ከተስተካከለ በኋላ ነው ከባዱ ጥያቄ የሚመጣው፤ ማነው የሚከፍልሽ? አባትሽ ማሳቸውን ጠዋት በእግራቸው ዞረው ይጨርሱታል። ከብቶቹንም እረኛው በመልካቸው አንድ በአንድ ይለያቸዋል፣ ቆጠራ አልቸገረውም። በጊቤ ሸለቆ ያለ አርቢን የሚያስጨንቀው ገንዲ የሚባለው የከብት በሽታ ነው። ላሚቱ መክሳት ስትጀምርና ፀጉሯ ሲቆም በ3 ሳንቲ ሜትር ፒክስል አታዪውም። የቡና ገበሬዎች ደንበኞቼ ይሆናሉ ያልሽውም አያስኬድም። የጅማ ቡና የሚያድገው ጥላ ሥር ነው፤ ካሜራሽ የሚያየው የዋንዛውንና የሰሳውን ዛፍ አናት እንጂ ቡናውን አይደለም።

በመቶ ሄክታር የሚቆጠር በቆሎ ያለው እርሻ ግን ሌላ ነው። እዚያ ሥራ አስኪያጁ ሁሉንም መስመር በእግሩ ሊያዳርስ አይችልም፤ የትኛው ጥግ እንደተጎዳ ቀድሞ ቢያውቅ ገንዘብ ያድናል። ሆኖም ፎቶው ቦታውን ያሳይሻል እንጂ ምክንያቱን አይነግርሽም። ከላይ ቢጫ ሆኖ የታየ በቆሎ ናይትሮጅን አንሶት ይሆናል፣ ውሃ ተኝቶበት ይሆናል፣ ወይም በእኛ አካባቢ የተለመደው የአፈር አሲዳማነት ይሆናል። በ2009 ዓ.ም. አገራችን የገባው መጤ ተምች ደግሞ ትሉ ካደገ በኋላ እንኳ 3 ወይም 4 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ለዚያውም ገና ባልተፈታው የመሃል ቅጠል ውስጥ ተደብቆ ነው የሚበላው። ወርደሽ፣ ቅጠሉን ገልጠሽ፣ ትሉን ወይም እንደ እንጨት ፍቅፋቂ የሚመስለውን ኩሱን በዓይንሽ ካላየሽ "ተምች ነው" ማለት አትችዪም። ይህን ፎቶውንና መሬቱን የማዛመድ ሥራ የዶርም ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የሚማረው ሰው የለም። እርሻው ደመወዝ እየከፈለ ያስተምርሻል። ፓምፕ በተበላሸ ቁጥር ማሳው መሃል ነሽ፤ በሳምንቱ መጨረሻ አውሮፕላንሽን ታበሪያለሽ፣ ሰኞ ፎቶው ላይ ያየሽው ቦታ ሄደሽ ትቆሚያለሽ። አንድ የበቆሎ ወቅት ከዘር እስከ አጨዳ እንዲህ ካለፈ በኋላ ድርጅት ስለመክፈት ብንነጋገር፣ የመጀመሪያ ደንበኛሽ ማን እንደሆነ አንቺው ትነግሪኛለሽ።

"ቴክኒሺያን" የሚለው ቃል ቤት ውስጥ እንደ ስድብ መቆጠሩ ያናድደኛል፣ አልደብቅሽም። እኔ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ለዓመታት የሠራሁት በሊሙ በኩል የቡና መፈልፈያ ማሽን ጥገና ነው። እሸት ቡና በተለቀመበት ዕለት መፈልፈል አለበት። ማሽኑ ማታ ሲቆም ገበሬው ከነጆንያው ተሰልፎ ይጠብቃል፣ ቡናው መሞቅ ይጀምራል፣ ያኔ ዲግሪሽን የሚጠይቅሽ የለም። ሰው ለምን ነገር ሳያመነታ እንደሚከፍልና ለምን እንደማይከፍል ያወቅኩት እዚያ ነው። አገራችን የሚመጣው ማሽን ብዙ ነው፤ ሲበላሽ የሚያስነሳው ግን ጥቂት ነው። ወረዳው ሁሉ የሚፈልጋት ኢንጂነር መሆን ባንክ ቤት መስኮት ጀርባ ከመቀመጥ ያነሰ ክብር አይደለም። አባትሽ የሚፈልጉት ወር እየጠበቀ የሚገባ ደመወዝ ከሆነ፣ እርሻውም ይከፍላል። የሚፈልጉት "ልጄ ባንክ ናት" ማለትን ከሆነ ግን፣ ለዚያ አምስት ዓመት የተማርሽውን እንድትተዪለት መጠየቃቸው ተገቢ አይደለም። በአክብሮት ንገሪያቸው፤ ግን ንገሪያቸው።

አንድ ነገር ላይ እውነት አላቸው። ሴት ልጅ ርቃ እርሻ ካምፕ ውስጥ እንዴት ታድራለች የሚለው ስጋታቸው ትክክለኛ ነው። አብረሽ ውሰጃቸው፤ ማደሪያውን፣ የበሩን መቆለፊያ፣ መጸዳጃውን፣ ሌሎች ሴት ሠራተኞች መኖራቸውን ራሳቸው ይዩ። የማይሆን ከሆነ ሥራው ይቅር፤ ከጅማ እየተመላለስሽ የምትሠሪበት ሌላ እርሻ እንፈልጋለን።

ስለ በረራ ፈቃድ፦ ድሮን ለማስገባትም ለማብረርም የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ፈቃድ ያስፈልጋል። በዩኒቨርሲቲው በኩል፣ በአማካሪ መምህራችሁ ደብዳቤ ጠይቁ፤ ፈቃዱ እጃችሁ እስኪገባ አውሮፕላኗ መሬት ላይ ትቆይ። አባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ እዚሁ ከተማችን ውስጥ መሆኑንም አትርሺ።

ለቀሩት ጥያቄዎችሽ ባጭሩ፦ አማካይ የትምህርት ውጤትሽ 2.9 መሆኑ ለዚህ ሥራ አያሳስብም። ማስተርሱን ከአንድ ዓመት በኋላ አስቢበት። የቡድን ጓደኞችሽን በተመለከተ፣ አውሮፕላኗ የማን እንደሆነች ከመመረቃችሁ በፊት በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ሦስታችሁም ፈርሙ።

ለእርሻው ከመፈረምሽ በፊት ሁለት ነገር በውሉ ላይ እንዲሰፍር ጠይቂ። አንደኛው፣ አውሮፕላኗና ፎቶዎቹ የእናንተ መሆናቸውና ፈቃድ ሲገኝ በእርሻው መሬት ላይ ማብረር እንደምትችዪ ነው። ሁለተኛው የሙከራ ጊዜሽ ርዝመት ነው፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ60 የሥራ ቀናት ሊበልጥ አይችልም። ረቂቁን ሲሰጡሽ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ ሳልዘገይ አነበዋለሁ።