ለተርኪ 20 ጌጅ ይበቃሃል

ቨርጂኒያ (አሜሪካ) ለጸደዩ የተርኪ (የዱር ቱርክ ዶሮ) አደን 12 ጌጅ ሾትገን ልግዛ ወይስ 20 ላልከው (ጌጅ የአፈሙዙ ስፋት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አፈሙዙ ይሰፋል)፣ 12ቱ ትከሻህን የሚጎዳህ ከሆነ 20ውን ግዛ። በእርሳስ ጥይት ጊዜ 12 ይሻል ነበር፤ የተንግስተኑ (ከባድ ብረት ነው) ፍሬ፣ ማለትም ከጥይቱ ውስጥ የሚረጨው ትንሽ ድቡልቡል፣ ግን ከእርሳስ አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ስለሚከብድ 9 ቁጥር የምትባለው ደቃቅ ፍሬ እንኳ 40 ያርድ (37 ሜትር ገደማ) ላይ ተርኪውን ትጥላለች። ዋጋው ያማል እንጂ!

ከብራንዱ ይልቅ ቾኩ (አፈሙዙ ጫፍ ላይ የሚገጠም፣ ፍሬው እንዳይበተን የሚያጠብ ቱቦ) ላይ አተኩር፣ ጠበብ ያለ የተርኪ ቾክ ይሁን። የሚተኮሰው ጭንቅላቱና አንገቱ ላይ ስለሆነ፣ መጀመሪያ በዚያው ጥይት ወረቀት ላይ ሞክረው። ፍሬው ከተበታተነ ጥይቱን ወይ ቾኩን ቀይር።

ደግሞ ቀይ፣ ነጭ ወይም ሰማያዊ ነገር፣ ካልሲም ቢሆን፣ እንዳትለብስ። የወንዱ ተርኪ ጭንቅላት ቀለም እነዚሁ ናቸው፤ ቁጥቋጦ ውስጥ ብልጭ ካለ ሌላው አዳኝ ተርኪ መስለኸው ይተኩስብሃል።