የጃፓን ሲቲ ፖፕ፦ ጠይቁኝ፣ የማውቀውን ልመልስ

ካሴት ቤት፦ ሰላም ቤተሰብ። ስለ ሲቲ ፖፕ፣ ማለትም በ70ዎቹ መጨረሻና በ80ዎቹ ጃፓን ውስጥ ስለተስፋፋው የከተማ ፖፕ ሙዚቃ፣ በውስጥ መስመር የምትልኩልኝ ጥያቄ ስለበዛ እዚሁ እንጨርሰው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የካርቱን ሥዕል ተለጥፎበት የዘፋኝ ስም የሌለውን የዩቲዩብ ቅልቅል ተዉት። አሁን አሁን በኤአይ የተፈበረከ ሁሉ እየገባበት ነው። ሰው የደከመበትን ሥራ ስሙ፣ ማን እንደሠራውም እወቁ።

ሜላት፦ ምንም የማላውቅ ጀማሪ ነኝ። አንድ ዘፈን ብቻ ምረጥልኝ።

ካሴት ቤት፦ የሚኪ ማትሱባራ «ማዮናካ ኖ ዶር»። የመጀመሪያ ነጠላ ዜማዋ ነው፤ በ1979 ሲወጣ 19 ዓመቷ ነበር። ዜማው የቴትሱጂ ሃያሺ ነው፤ ይህን ስም ያዢው፣ ሌላ ቦታም ታገኚዋለሽ። በ2020 ኢንዶኔዥያዊቷ ሬይኒች ደግማ ዘፈነችው፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ በቲክቶክ ዓለምን አዳረሰ። ሚኪ ግን ይህን አላየችም። በ2004 በካንሰር አርፋለች፣ ገና በ44 ዓመቷ። እኔ ይህን ዘፈን ስሰማ ሁሌም ያንገበግበኛል።

ናቲ፦ «ፕላስቲክ ላቭ»ን ዘለልከው እንዴ? ሁሉም ሰው የሚያወራው ስለሱ ነው።

ካሴት ቤት፦ አልዘለልኩትም፣ ጠያቂ እየጠበቅኩ ነበር። የማሪያ ታኬውቺ ነው፣ በ1984 «ቫራይቲ» በሚለው አልበሟ ላይ የወጣ። ግጥምና ዜማው የራሷ፣ ቅንብሩ የባሏ የታትሱሮ ያማሺታ። በ1985 ለብቻው በሸክላ ሲወጣ ብዙም ዞር ብሎ ያየው አልነበረም። በ2017 አንድ አድማጭ ዩቲዩብ ላይ ጫነው፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቃላችሁ። ቪዲዮው ላይ ያለው የምትስቅበት ፎቶ እንኳ የዚህ ዘፈን አይደለም፣ በ1980 ከወጣ ሌላ ነጠላ ዜማዋ የተወሰደ ነው። በፎቶው የቅጂ መብት የተነሳ ቪዲዮው ወርዶም ነበር፣ በኋላ ተመለሰ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በመጀመሪያው ዙር ድምጿን ተዉትና ቤዙን ብቻ ተከተሉ። ኮኪ ኢቶ ነው። በሁለተኛው ዙር ድራሙን፣ ጁን አኦያማን። እነዚህ ሁለት ሰዎች ከ1980ው «ራይድ ኦን ታይም» ጀምሮ የያማሺታ ምሰሶዎች ናቸው። አኦያማ ጉራ አያበዛም፣ ምቱን አንድ ቦታ ይተክልና ፍንክች አይልም፣ ቤዙ በዚያ ላይ እንደልቡ ይንሸራሸራል። ግጥሙን ደግሞ በሦስተኛው ዙር ስሙት። ልቧ ከተሰበረ በኋላ ፍቅርን እንደ ጨዋታ የያዘች ሴት ናት። ሙዚቃው ጨፍሩ ይላል፣ እሷ ግን ቁስሏን ደብቃ ነው የምትጨፍረው። ዘፈኑ አድማጭ ይዞ የቀረው ለዚህ ይመስለኛል።

ዳጊ፦ አሪፍ አሪፍ የጃፓን ዘፈኖች ላክልኝ።

ካሴት ቤት፦ ለምን የሚሆን? ለጭፈራ? ለሌሊት? ለሥራ? ለይተህ ጠይቀኝ።

ሹፌሩ፦ እኔ ልለይልህ፣ ለመንዳት።

ካሴት ቤት፦ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው! የያማሺታን «ፎር ዩ» ከፍተህ ውጣ፣ 1982። የመጀመሪያው ዘፈን «ስፓርክል» የሚጀምረው በጊታር ብቻ ነው። ራሱ ያማሺታ በቴሌካስተር ጊታሩ ክሮቹን ቆረጥ ቆረጥ እያደረገ ይገባል፣ ከዚያ ትንፋሽ መሣሪያዎቹ ይከተላሉ። የድምፅ አጃቢዎቹን ልብ በል። ይህ ሰው የራሱን ድምፅ ደጋግሞ እየቀዳ በላይ በላዩ የሚደርብ ነው፤ በ1980 «ኦን ዘ ስትሪት ኮርነር» የሚል አልበም ሙሉውን በራሱ ድምፅ ብቻ ሠርቷል።

ይህ ሙዚቃ ለመንዳት የሚመቸው ያለ ምክንያት አይደለም። በእጅ የሚያዘው የካሴት ማጫወቻ ዎክማን በ1979 ገበያ ላይ ዋለ፣ የመኪና ቴፕም ተስፋፋ፣ ገንዘብ ያለው የከተማ ወጣት ሙዚቃውን ከቤት ይዞት ወጣ። «ራይድ ኦን ታይም» ራሱ ሕዝብ ጆሮ የገባው በማክሴል የካሴት ማስታወቂያ ነው። ከዚያ የአንሪን «ታይምሊ» ጨምር፣ 1983፣ ፕሮዲውሰሩ ቶሺኪ ካዶማትሱ ነው። አንድ ነገር ግን ልንገርህ፦ ያማሺታን ስፖቲፋይ ላይ ፈልገህ አትድከም። በ2022 እስኪሞት ድረስ በስትሪሚንግ እንደማይለቅ ተናግሯል። የድሮ አልበሞቹ በ2023 በሸክላና በካሴት እንደገና ታትመዋል።

ቤዝ ወዳድ፦ ይቅርታ ግን ይሄ ሁሉ የአሜሪካ ኮፒ ነው። የአሜሪካኖቹን ባንድ ስቲሊ ዳንን የሰማ ሰው ይሄን ምን ያደርግለታል?

ሜላት፦ እንዲህ ካልክማ የኛ የ80ዎቹ ሙዚቃም ኮፒ ነዋ! ሮሃ ባንድ ጊታርና ኪቦርዱን ከየት አመጣው?

ቤዝ ወዳድ፦ ሮሃ ቅኝቱን አልለቀቀም። ልዩነቱ እሱ ነው።

የድሮ ሸክላ፦ ልጆች፣ የጃፓኖቹን እንካ የሚባለውን ዘፈን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ቁጭ ትዝታ ነው። ጥላሁንም «ጃፓኗን ወድጄ» ብሎ ዘፍኗል።

ካሴት ቤት፦ ጋሼ፣ እንካ ላይ ልክ ነዎት፤ ባለ አምስት ድምፅ ስለሆነ የኛ ጆሮ ወዲያው ይለምደዋል። ሲቲ ፖፕ ግን ከዚያ የራቀ ነው፣ ኮርዶቹ የጃዝና የሶል ናቸው። ቤዝ ወዳድ፣ ከአሜሪካ መማራቸውን እነሱም አልደበቁም። ያማሺታ የ1976ቱን «ሰርከስ ታውን» የቀዳው ኒውዮርክና ሎስ አንጀለስ ሄዶ ነው። ግን የተማረውን ምን አደረገበት? «ስፓርክል»ን የሚመስል የአሜሪካ ዘፈን አምጣልኝና እንከራከር። የሮሃ ነገር ራሱን የቻለ ወሬ ነው፣ ሌላ ቀን።

ኪያ፦ ዘ ዊክንድ ከሲቲ ፖፕ ወስዷል የሚባለው እውነት ነው?

ካሴት ቤት፦ እውነት ነው። የኛው አቤል ተስፋዬ በ2022 «ዶውን ኤፍኤም» ላይ ያወጣው «አውት ኦፍ ታይም» የተሠራው በቶሞኮ አራን የ1983 «ሚድናይት ፕሪቴንደርስ» ላይ ነው። ሁለቱን አከታትለሽ ስሚ። እኔ በበኩሌ የእሷን አስቀድማለሁ።

አቤላ፦ ለጀማሪ በየቱ ልጀምር?

ካሴት ቤት፦ ለሜላት መልሻለሁ። ከላይ አንብብ እንጂ።

ሩት፦ አንድ ዘፈን አለ፣ ሐምራዊ ሰማይና ቀይ መኪና ያለበት ሥዕል፣ ሴት ናት የምትዘፍነው። ስሙን ንገረኝ በናትህ።

ካሴት ቤት፦ ሩትዬ፣ መጀመሪያ ያልኩት ስለዚህ ነበር። ሥዕሉ ምንም አይነግረኝም። ስም የሌለው ቅልቅል አትስሙ!

ኪያ፦ የአሁኖቹስ? ወይስ በ80ዎቹ ቀረ?

ካሴት ቤት፦ አልቀረም። የሂቶሚቶይ «ሲቲ ዳይቭ» 2012፣ የሳችሞስ «ስቴይ ቱን» 2016። ኮሪያ ውስጥ የምትሠራው ጃፓናዊቷ ዩኪካ በ2020 «ሶል ሌዲ»ን አውጥታለች፣ አሪፍ ናት። ሪሚክስ ከወደድሽ ናይት ቴምፖ። እኔ ብዙም አልሰማውም።

የድሮ ሸክላ፦ ለእኔ ዕድሜ የሚሆን ረጋ ያለ ነገር የለህም?

ካሴት ቤት፦ ለእርስዎማ የታኤኮ ኦኑኪ «ሰንሻወር» ነው፣ 1977። ከያማሺታ ጋር ሹገር ቤብ በሚባለው ባንድ ውስጥ የነበረች ናት። ቅንብሩ የሪዩቺ ሳካሞቶ፣ ድራሙ የአሜሪካዊው ክሪስ ፓርከር ነው። «ቶካይ» ከሚለው ይጀምሩ፣ «ከተማ» ማለት ነው። ሌላው ሁሉ ከተማን ሲያሞግስ እሷ ይህን የዕለት ዕለት ኑሮ ትተን አብረን ቤት እንግባ ትላለች።

ዳጊ፦ እሺ ለሌሊት ነው።

ካሴት ቤት፦ አሁን ገባኝ። የሂሮሺ ሳቶ «አዌከኒንግ»፣ 1982። «ሴይ ጉድባይ» ከሚለው ጀምር፣ በሄድፎን ይሁን።